የማይታየውን መመዘን፦ ከሕንድ ውቅያኖስ እስከ አፋርና መዲና የሚዘልቀው የምድር ውስጥ ምስጢር

ከባሕረ ሰላጤው ወደቦች ተነስታ ወደ ምሥራቅ የምታቀና መርከብ ከስሪላንካ በስተደቡብ ስትደርስ፣ ማንም ሳያስተውል ወደ አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ስፍራ ትገባለች። በዚያ የሕንድ ውቅያኖስ ክፍል የባሕሩ ገጽ፣ የምድር ክብደት በእኩል ተከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ ሊኖረው ከሚችለው ከፍታ በ106 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። የቦታው ስፋትም ከሦስት ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መርከበኛው ግን ቁልቁለቱ አይታየውም፤ በእጁ የያዘው የሻይ ብርጭቆም አይዘነበልም። ውሃ የሚረጋው የመሬት ስበት በሚወስንለት ልክ ስለሆነ፣ ዝቅታውን በዓይን ማየት አይቻልም።

በዚህ ስፍራ የስበት ኃይል ደካማ መሆኑን እ.ኤ.አ በ1948 የደረሱበት በመርከብ ላይ ልኬት ያካሄዱት ሆላንዳዊው ሳይንቲስት ፌሊክስ ቬኒንግ ማይነስ ናቸው። ምክንያቱ ግን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ2023 በቤንጋሉሩ በሚገኘው የሕንድ የሳይንስ ተቋም የዶክትሬት ጥናቱን ያካሂድ የነበረው ደባንጃን ፓል ከመምህሩ ከአትሬዬ ጎሽ ጋር ለጥያቄው አዲስ መልስ አቀረበ። መልሱ የተፈለገው በባሕሩ ወለል ላይ ሳይሆን ከዚያ በታች ባለው ማንትል ውስጥ ነበር።

ማንትል ከምድር ቅርፊት በታች የሚገኝ፣ 2,900 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የአለት ክፍል ነው። ከምድር ጠቅላላ ይዘት ከመቶ 84 ያህሉ እርሱ ነው። ብዙዎች እንደሚገምቱት የቀለጠ ባሕር አይደለም፤ ጠጣር ሆኖ ሳለ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ምክንያት እጅግ በዝግታ ይፈስሳል። ፍጥነቱ በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የጣት ጥፍር ከሚያድግበት ፍጥነት ብዙም አይርቅም። የሰው ልጅ ወደዚህ ክፍል ደርሶ አያውቅም። በሩሲያ ኮላ ልሳነ ምድር የተቆፈረው ጥልቁ ጉድጓድ እንኳ 12,262 ሜትር ላይ ቆሟል፤ ይህም የቅርፊቱን ግማሽ እንኳ አያክልም።

ታዲያ ያልተደረሰበት እንዴት ይታወቃል? አንዱ መንገድ መመዘን ነው። ይህ ሐሳብ ለሙስሊሙ ዓለም ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም። በመርቭ ከተማ ይኖሩ የነበሩት አል-ኻዚኒ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ «የጥበብ ሚዛን» በተሰኘው ሥራቸው፣ የአንድ ነገር ክብደት ከምድር እምብርት ባለው ርቀት እንደሚለያይ ጽፈው ነበር። እርሳቸው በሚዛን ላይ ያደረጉትን ምርምር ዛሬ ሳተላይቶች በሌላ መሣሪያ ቀጥለውታል።

እ.ኤ.አ በመጋቢት 2002 የመጠቁት ግሬስ የተባሉት መንትያ ሳተላይቶች 220 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው አንዱ ሌላውን እየተከተለ ይዞሩ ነበር። ፊተኛው ክብደት ወዳለው ስፍራ ሲቃረብ ስበቱ ስለሚያፋጥነው ከኋለኛው ይርቃል፤ ቀጥሎ ኋለኛው በተራው ይሳባል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ልኬት እየተመዘገበ የምድር የክብደት ካርታ ተሠራ። ሥራቸው እ.ኤ.አ በ2017 ሲያበቃ በቀጣዩ ዓመት ተተኪዎቻቸው መጠቁ። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ ከ2009 እስከ 2013 ጎቼ የተባለውን ሳተላይት 255 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በማብረር ካርታውን ይበልጥ አጥርቶታል።

ሆኖም ካርታው ብቻውን አይናገርም። ስበቱ የደከመው በጥልቀት ባለ ቀላል አለት ይሁን ወይስ ቅርብ ባለ ሌላ ምክንያት፣ ሳተላይቱ አይለይም። ተመራማሪዎቹ ይህን ለመለየት የ140 ሚሊዮን ዓመታትን ታሪክ በኮምፒውተር መልሰው ሠሩ። በዚያ ጊዜ ሕንድ ከእስያ በስተደቡብ እጅግ ርቃ ትገኝ ነበር፤ በመካከላቸውም ቴቲስ የተባለ ውቅያኖስ ነበር። ሕንድ ወደ ሰሜን ስትጓዝ የቴቲስ ወለል ከእስያ ሥር ወደ ማንትሉ ሰመጠ። እየወረደም ከአፍሪካ በታች፣ ከማንትሉ ግርጌ የተከማቸውን ግዙፍ ግለት ያለው አለት አወከ። ከዚያ ጠርዝ የተነሣው ሞቃትና ቀላል አለት ወደ ላይ ወጥቶ በሕንድ ውቅያኖስ ሥር ተንሰራፋ። 19 የተለያዩ ስሌቶች ተሞክረው፣ ይህን ሞቃት አለት ያካተቱት ዛሬ ለሚታየው ቅርብ የሆነ ውጤት ሰጡ። ዝቅታው የአሁኑን መልክ የያዘውም ከ20 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት እንደሆነ ጥናቱ ይገምታል።

ሁሉም ግን አልተስማሙም። አንዳንድ ሳይንቲስቶች ሞቃቱ አለት በእርግጥ በዚያ ስፍራ ለመኖሩ ከመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች የተገኘ ግልጽ ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ይከራከራሉ። የዚህ ዘርፍ የዶክትሬት ጥናት ፈተናም ይኸው ነው፤ ክብደቱን ከሞገዱ፣ ሞገዱንም ከአለቱ ጠባይ ጋር እያመሳከሩ፣ ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ ላለመናገር መጠንቀቅ።

ነገሩ ለዚህ አካባቢ ነዋሪ ሩቅ የሚመስለው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። ከአፍሪካ በታች ያለውን ያንኑ ግዙፍ ሞቃት ክምችት ብዙ ተመራማሪዎች ከአፋር ሥር ወደ ላይ ከሚወጣው ግለት ጋር ያያይዙታል። አፍሪካና ዓረቢያ ተለያይተው ቀይ ባሕር የተከፈተው፣ በምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያም «ሐራ» የሚባሉት ጥቋቁር የእሳተ ገሞራ ሜዳዎች የተዘረጉት በዚህ ሂደት ውስጥ ነው።

በ654 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ 1256) ከመዲና አቅራቢያ የፈነዳው እሳተ ገሞራ ለ52 ቀናት ዘልቋል፤ የፈሰሰው ቅልጥ አለትም 23 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል። በደማስቆ የነበሩት የታሪክ ጸሐፊ አቡ ሻማ ስለዚሁ ከመዲና የደረሱ ደብዳቤዎችን መዝግበው አቆይተውልናል። እ.ኤ.አ በ2009 በሐራት ሉነይር ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ተከስቶ ከ30,000 በላይ ሰዎች ከቀያቸው እንዲወጡ ተደርጓል። በአፋር ዳባሁ እ.ኤ.አ በ2005 መሬት በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ተሰንጥቆ እስከ ስምንት ሜትር ተከፍቷል። እ.ኤ.አ በኅዳር 2025 ደግሞ በዚያው በአፋር የፈነዳው የሐይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ አመድ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን ሰማይ ላይ ታይቷል። በባሕሩ ግራና ቀኝ የሚኖረው ቤተሰብ፣ ያም በአፋር ከብቱን የሚጠብቀው፣ ያም በጅዳ ወይም በመዲና ሠርቶ የሚያድረው፣ ከሥሩ አንድ የተያያዘ ታሪክ አለው።

ከሳተላይት የሚገኘው የስበት መረጃ ነገ የት እንደሚፈነዳ አይናገርም። የሚያሳየው ምንጩ የት እንደሚገኝና ከላዩ ያለው አለት የት ውፍረቱ፣ የት ቀጭንነቱ እንደሆነ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያዎች የት ቢተከሉ እንደሚበጅ፣ መንገድና ከተማ ሲታቀድም የትኛው ስፍራ ጥንቃቄ እንደሚሻ ለመወሰን ይህ እውቀት ከመሠረቶቹ አንዱ ነው።

አማኝ ምድርን የሚያየው በአላህ ልክና ሚዛን እንደተሠራች አድርጎ ነው። ሚዛኑን ለማንበብ መድከም ከዚህ እምነት የራቀ ሥራ አይደለም፤ አል-ኻዚኒም የደከሙት ለዚሁ ነበር። ልጆቻችን ከሒሳብና ከፊዚክስ ትምህርት ሳይሸሹ ቢያድጉ፣ ከሥራችን ያለውን የአፋርና የቀይ ባሕር ምድር የሚመዝኑት ባለ ዶክትሬቶች ነገ ከመካከላቸው ሊወጡ ይችላሉ።