ቤንዚን ወደ ናፍጣ መኪና እንዳይገባ የሚያግደው ክዳን፦ ለመካነ ሰላም መስመር ያዋጣል?

ከደሴ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም ለሚመላለስ የመኪና ባለንብረት የጎማና የፍሬን ሸራ ወጪ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። የማይታወቀው ናፍጣ በሚጠጣ መኪና ሰልባትዮ ውስጥ በስህተት የሚገባው ቤንዚን ነው። አንድ የተሳሳተ ቅጂ የኢንጀክሽን ፓምፑንና ኖዝሎቹን አንድ ላይ ሊያሳጣ ይችላል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ናፍጣ ማቃጠያ ብቻ ሳይሆን ለፓምፑ ቅባትም ነው። ቤንዚን ግን ቅባትነት ስለሌለው ያለውንም አጥቦ ይወስዳል። ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚወጣው ብናኝ በመስመሩ ሁሉ ይዞራል። ባለ 4.2 ሊትሩን የቀድሞ ላንድክሩዘር የመሰሉ ሜካኒካል ፓምፕ ያላቸው መኪናዎች ጥቂት ቅልቅል ይችሉ ነበር። ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚሠሩት ኮመንሬል ሞተሮች ግን አይምሩም።

ስህተቱ የሚመጣው ሁልጊዜ ከቸልተኝነት አይደለም። ሃይሉክስም ሆነ «አባዱላ» የሚባለው ሃይስ በአንድ ዓይነት አካል ሁለት ዓይነት ሞተር ይዞ ይመጣል፤ 2.7 ሊትሩ ቤንዚን፣ 2.5 እና 3 ሊትሩ ናፍጣ ነው። ነዳጅ ቀጂው ከውጭ አይቶ አይለይም። የቱቦ እጀታ ቀለምም ዋስትና አይሆንም፤ በአውሮፓ አረንጓዴው የቤንዚን ሲሆን በአሜሪካ ብዙ ጊዜ የናፍጣ ነው።

የማደያ ቱቦ ጫፎች ስፋት ይለያያል። የናፍጣው 24 ሚሊ ሜትር፣ የቤንዚኑ 21 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህ ልዩነት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እርሳስ አልባ ቤንዚን ገበያ ላይ ሲወጣ የተጀመረው ጠባብ አፍ ውጤት ነው። በዚህ ምክንያት ሰፊው የናፍጣ ቱቦ ወደ ቤንዚን መኪና አይገባም። ጠባቡ የቤንዚን ቱቦ ግን ወደ ናፍጣ መኪና ያለ ችግር ይገባል። የከፋው ጉዳት ባለበት በኩል በሩ ክፍት ነው ማለት ነው።

ማገጃው ይህን ክፍተት ይዘጋል። በሰልባትዮው አፍ ላይ የሚቀመጥ ክዳን ሲሆን በግራና በቀኝ ያሉት ማንሻዎች የሚለቁት ሁለቱም እኩል ሲገፉ ነው። ሰፊው ቱቦ ሁለቱን ይነካል፤ ክዳኑም ይከፈታል። ጠባቡ ሁለቱን ስለማይደርስ እዚያው ይቆማል። ፎርድ፣ ቢኤምደብሊውና ላንድሮቨር በአንዳንድ ሞዴሎቻቸው ከፋብሪካ አስገብተውታል። ለሌሎች መኪናዎች ለብቻው ተሠርቶ ይሸጣል። ዋጋው ከአንድ የኮመንሬል ኖዝል ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ጀሪካን ሲመጣ

ይሁን እንጂ ማገጃው የተሠራው ለማደያ ቱቦ እንጂ ለጀሪካን አይደለም። ከዋናው መስመር በራቁ የደጋ ከተሞች ማደያው ሲደርቅ ነዳጅ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ ይገዛል። ጠባብ መቅጃ ክዳኑን አይከፍትም፤ ሾፌሩም ተቸግሮ ነቅሎ ይጥለዋል። ሰፊ መቅጃ ደግሞ ናፍጣውንም ቤንዚኑንም እኩል ያሳልፋል። በጀሪካኑ ውስጥ ናፍጣው ከነጭ ጋዝ ጋር ተቀላቅሎ ከሆነም ክዳኑ የሚያውቀው ነገር የለም። የአይሱዙ የጭነት መኪናዎች የሰልባትዮ አፍም ሰፊ ስለሆነ የቤት መኪና ማገጃ አይገጥመውም።

ስለዚህ ሁልጊዜ ከማደያ ለሚቀዳ የፒክአፕ ባለቤት ማገጃው ያዋጣል፤ በተለይ ሾፌሩ ተቀጣሪ ከሆነ ወይም መኪናው በኪራይ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ከሆነ። የጀሪካን ተጠቃሚ ግን በአነስተኛ ወጪ ብዙ መጠበቅ ይችላል። «ናፍጣ» ብሎ በትልቁ በክዳኑ ላይ መጻፍ፣ ባለቁልፍ ክዳን መግጠምና ቁልፉን በአንድ ሰው እጅ ማድረግ፣ ለናፍጣና ለቤንዚን የተለያየ ቀለም ያለው ጀሪካን መያዝ፣ ከመቅዳት በፊት ማሽተት።

ለገዢና ለደላላ

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ፣ በአገር ውስጥ ያለው ያገለገለ መኪና ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። በዚህ ገበያ ውስጥ የተጎዳ ፓምፕ ታጥቦና ተወልውሎ ሊቀርብ ይችላል። ገዢው የናፍጣ ፊልትሮውን አስፈትቶ ይመልከት። የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ፓምፑ እየተበላ ነው፤ ዋጋውም ያንኑ ታሳቢ አድርጎ መነጋገር ይገባል። ደላላውም ይህን አስቀድሞ ቢያይ ውሉ ከፈረሰ በኋላ ከሚመጣ ክርክር ይድናል።

ስህተቱ ከተፈጸመ ቁልፉን አለማዞር ነው። በብዙ መኪናዎች ቁልፉ ሲዞር ብቻ ሞተሩ ሳይነሳ የነዳጅ ፓምፑ መሥራት ይጀምራል። ናፍጣና ቤንዚን እንደ ውኃና ዘይት አይለያዩም፤ ቢቆይ ይጠላል ብሎ መጠበቅ ወይም የውኃ ማጣሪያው ይለየዋል ማለት ከንቱ ነው። መኪናውን ገፍቶ ማቆም፣ ሰልባትዮውን አራግፎ ፊልትሮውን መቀየር ይበቃል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ሂሳቡ የፊልትሮ መሆኑ ቀርቶ የፓምፕ ይሆናል።