የሚያስል ፍየልና የመርፌው ሒሳብ

ዋራበሌ፣ ጅቡቲ ከተማ፦ ከረጅም መንገድ የወረደ መንጋ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍየል ማሳል ሲጀምር ነጋዴው ቶሎ የሚያስበው ስለ መርፌ ነው። ግን የትኛው መርፌ? ለየትኛው በሽታ? መርከቡስ ስንት ቀን ሲቀረው?

የምታለከልክ፣ ትኩሳት ያላት፣ በአፍንጫዋ ንፍጥና አረፋ የሚወርድ ፍየል ተላላፊው የፍየል ሳንባ በሽታ ይዟት ሊሆን ይችላል። አምጪው ማይኮፕላዝማ የሕዋስ ግድግዳ የለውም፤ ፔኒሲሊን ደግሞ የሚያጠቃው ግድግዳውን ነው። ስለዚህ ለዚህ በሽታ ፔኒሲሊን መውጋት ገንዘብ መጣል ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊን ወይም ታይሎሲን በጊዜ ከተሰጠ ይረዳል።

ደስታ መሰል ከሆነ ዐይንና አፍንጫዋ ይፈስሳል፣ አፏ ይቆስላል፣ ያስቀምጣታል። ቫይረስ ነውና የሚገድለው መድኃኒት የለም፤ አንቲባዮቲክ የሚያግዘው ተደርቦ የሚመጣውን የሳንባ ምች ነው። እዚህ ላይ ገንዘቡ መዋል ያለበት ለክትባት ነው፤ እሱም ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንጂ መኪና ላይ ሲጫን አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ኪሳራ በብሩሴሎሲስ ይመጣል። አንዳንዱ አስቀድሞ ከተወጋች ምርመራውን ታልፋለች ብሎ ያስባል። ምርመራው ግን የሚፈልገው ጀርሙን ሳይሆን በደሟ ውስጥ ያለውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። መርፌው ያንን አያጠፋም። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ምክንያት የአፍሪካ ቀንድን ከብት ስታግድ ገበያው ምን እንደሆነ የቆዩ ነጋዴዎች ያውቁታል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረው የደመርጆግ ኳራንቲን የቆመው በዚሁ የደም ምርመራ እምነት ላይ ነው።

መቶ ፍየል ያለው ሰው አምስት የሚያስሉትን ለብቻ ቢያስር ወጪው አንድ ተጨማሪ እረኛ፣ የተለየ የውኃ ገንዳና ጥቂት መኖ ነው። አብረው ካደሩ ግን የመቶውም መኖ፣ የመቶውም ክብደት መቀነስ፣ ምናልባትም የመርከብ ቦታው ጭምር ይሄዳል። መድኃኒቱ ከዚህ ሁሉ ርካሹ ነው፤ ስሕተቱም ከዚያ ይጀምራል።

ለአረፋ በሚጫን መንጋ ሌላም ነገር አለ። የተወጋች ፍየል ሥጋዋ ለምግብ እስኪሆን የሚጠበቀው የቀን ብዛት ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤ ረጅም ጊዜ በሚሠራው ኦክሲቴትራሳይክሊን ሳምንታት ይወስዳል። የመድኃኒቱን ስም፣ የተወጋችበትን ቀንና የጆሮ ቁጥሯን በአንድ ወረቀት ጽፎ መያዝ ነው፤ የኳራንቲኑ ሐኪም ሲጠይቅ ሾፌሩ አያውቀውም።