የእንጦጦ ዛፎች በበጋ ውኃ ከየት ያገኛሉ?

በበጋው አጋማሽ ከሲ.ኤም.ሲ ወደ ሰሜን ቀና ብሎ ለሚመለከት ሰው የእንጦጦ ሰንሰለት አረንጓዴ ነው። ሣሩ ደርቆ፣ አቧራው እየቦነነ፣ ዛፎቹ ግን ቅጠላቸውን እንደያዙ ናቸው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1 ሺህ ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ብታገኝም አብዛኛው የሚዘንበው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። የቀሩትን ወራት ዛፎች የሚሻገሩት በአፈርና በዐለት ስንጥቅ ውስጥ በቀረው ውኃ ነው። ምንጩም፣ ጉድጓዱም፣ ሰውም የሚጠብቁት ይህንኑ ውኃ ነው።

ዛፍ ውኃ የሚስበው በወፍራሞቹ ሥሮች ሳይሆን በጫፋቸው ባሉት እንደ ፀጉር የቀጠኑ ሥሮች ነው። ብዙ ዛፎች ከሥራቸው ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ ፈንገሶችም አሏቸው። ፈንገሱ ሥር ከማይደርስበት ጠባብ የአፈር ክፍተት እርጥበት ያቀብላል፤ በምትኩ ከዛፉ ምግብ ያገኛል።

ውኃው በግንዱ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ከቅጠሉ ላይ ውኃ ስታተን፣ እርስ በርሱ የተያያዘው ውኃ ከታች ያለውን እየጎተተ ያወጣዋል። ዛፉ ከሳበው ውኃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በዚህ መንገድ ወደ አየር ይመለሳል።

ውኃው የሚወጣው በቅጠሉ ላይ ባሉ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ነው። ዛፉ ምግቡን የሚሠራበትን አየር የሚያስገባውም በእነዚሁ ነው። ውኃ ለመቆጠብ ሲዘጋቸው ምግብ ማዘጋጀቱም ይቀንሳል። ስለዚህ በድርቅ ወቅት ዛፍ ሁሉ በጥምና በረሃብ መካከል ሚዛን ጠባቂ ነው።

ሚዛኑን የሚጠብቁበት መንገድ ግን ይለያያል። የሐበሻ ጥድ ቅጠሉን አድቅቆ የሚተንበትን ገጽ ያጠብባል። የወይራ ቅጠል ጠንካራ ነው። በመተማ ቆላ የሚበቅለው የዕጣን ዛፍ በበጋ ቅጠሉን ጨርሶ ያራግፋል። በስምጥ ሸለቆ ማሳዎች የሚታወቀው ገርቢ ደግሞ ሥሩን ወደ ጥልቅ ሰድዶ በበጋ ይለመልማል፣ በክረምት ቅጠሉን ያረግፋል፤ ከሥሩ ለሚዘራው እህልም ብርሃን አይከለክልም።

በእንጦጦ ተዳፋት በብዛት የሚታየው ባሕር ዛፍ ነው። መነሻው አውስትራሊያ የሆነው ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ፣ የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ ባለቀ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ምንጭና ጉድጓድ ያደርቃል የሚል ስሞታ ተነሣበት። እ.ኤ.አ. በ1913 ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ትእዛዝ ቢወጣም በሙላት አልተፈጸመም።

ስሞታው መሠረት አለው፤ ባሕር ዛፍ ግን ውኃ አባካኝ ስለሆነ አይደለም። ለአንድ ኪሎ እንጨት የሚጠቀመው ውኃ ከብዙ ዛፎች የበለጠ አይደለም። ነገር ግን ፈጥኖ ያድጋል፣ ተጠጋግቶ ይተከላል፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አይለየውም። ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ አዲሱ ቡቃያ በመሬት ውስጥ የቆየውን ሰፊ ሥር ይወርሳል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ የሚስበው ጠቅላላ ውኃ ብዙ ይሆናል።

በመሆኑም ዋናው ጥያቄ የት ይተከል የሚለው ነው። ከምንጭ ራስ፣ ከወንዝ ዳርና ከማሳ ድንበር ባሕር ዛፍን ማራቅ ተገቢ ነው፤ በእነዚህ ቦታዎች እንደ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ያሉ አገር በቀል ዛፎች ይመረጣሉ። ተዳፋቱን በአንድ ጊዜ መመንጠርም ሌላ ጉዳት አለው። የተራቆተ መሬት የክረምቱን ዝናብ ወደ ውስጥ ሳያሰርግ ወደ ታች ይለቀዋል፤ ጎርፉ በግርጌው ያለውን ሰፈር ይመታል፣ ለበጋ የሚቀረው ውኃም ያንሳል። እርከን እየሠሩና አገር በቀሉን እየተኩ ቀስ በቀስ መለወጥ ይሻላል።

ለችግኝ ከባዱ ጊዜ ሥሩ ገና ያልጠለቀበት የመጀመሪያው በጋ ነው። ስለዚህ ክረምቱ እንደገባ መትከል፣ በበጋ በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት አልፎ አልፎ በጥልቀት ማጠጣት፣ ዙሪያውንም በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ያስፈልጋል። ከላይ ብቻ የረጠበ አፈር ሥርን ከላይ ያስቀረዋል፤ በጥልቀት የጠጣ አፈር ግን ሥሩን ወደ ታች ይጠራዋል።