የታዛዦች ሥልጣን

ታኅሣሥ 19 ቀን በሐዋሳ ከተማ እምብርት በሚገኘው በቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚሰበሰበው ሕዝብ፣ ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታ፣ ከአርሲ፣ ከአዲስ አበባም ጭምር በአውቶቡስና በሚኒባስ ተጭኖ የመጣ፣ ሌሊቱንም ነጠላውን እንዳጣፋ ያደረ በመሆኑ፣ ታቦቱ ከመቅደስ ወጥቶ ዑደት በሚጀምርበት ሰዓት እግር መጣያ ቦታ አይገኝም። ይሁን እንጂ ካህኑ ታቦቱን በራሱ ተሸክሞ፣ በመጎናጸፊያ ተጋርዶ፣ ጥላ በያዙ ዲያቆናት ተከቦ ብቅ ባለ ጊዜ፣ መርፌ መጣያ የሌለው ይመስል የነበረው ሕዝብ ማንም ሳያዝዘው ግራና ቀኝ ይከፈልና መንገድ ይሆናል። ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው፣ በዚያች ሰዓት ሺሕ ሰው የሚጎነበስለት ያ ካህን ከተሰበሰበው ሁሉ ይልቅ በራሱ ፈቃድ የማይሄድ ሰው ነው፤ የተሸከመው ነገር ዘወር ብሎ እንዲያይ አይፈቅድለትም፣ እርምጃውን የሚያቃኑለት በግራና በቀኝ ያሉት ናቸው፣ ለእልልታውም መልስ አይሰጥም፤ ስግደቱ ወደ እርሱ እንዳይደለ እርሱም ሰጋጁም ያውቃሉና። ታቦቱ ተመልሶ መንበሩ ላይ ካረፈ በኋላ ያው ካህን በቅጥሩ ውስጥ ሲያልፍ መስቀሉን ለመሳለም ጥቂት ሰዎች ይጠጉት እንደሆነ እንጂ መንገድ የሚለቅለት አይኖርም።

ይህ የቅዱስ ገብርኤል በዓል የሚከበርበት ታሪክ ደግሞ ይህንኑ ነገር በሌላ መልኩ የሚናገር ነው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል፣ ቤተ ክርስቲያን ሠለስቱ ደቂቅ የምትላቸው፣ ከይሁዳ ተማርከው ወደ ባቢሎን የወረዱ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ሰባኪዎቻችን ብዙ ጊዜ ዘለው የሚያልፉት አንድ ነገር ግን አለ፤ ይኸውም ሦስቱ ወደ እሳት በተጣሉበት ጊዜ ተራ ምርኮኞች ሳይሆኑ በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ የተሾሙ ሹማምንት የነበሩ መሆናቸው ነው። ሹመታቸውን የሰጣቸው ናቡከደነፆር ነው፤ በሹመታቸውም በቅንነት አገልግለውታል። ንጉሡ ቁመቱ ስድሳ ክንድ የሆነ የወርቅ ምስል አቁሞ መለከትና እንቢልታ በተሰማ ጊዜ ሁሉም ይስገድ ባለ ጊዜ ብቻ፣ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል፣ ባያድናቸውም እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ነገሩት። ሥልጣናቸው በዚያች ቃል የተገፈፈ መስሎ ነበር። ነገር ግን ሰባት እጥፍ ከነደደው እቶን ፊት ወድቀው የተቃጠሉት ወርዋሪዎቹ ሲሆኑ፣ ሦስቱ በእሳቱ መካከል ሲመላለሱ ታዩ፤ በመጨረሻም አዋጁን ያነሳና እነርሱን ከቀድሞው ይልቅ ከፍ ያደረገ ያው ንጉሥ ነው። በእሳት ላይ የሠለጠኑት፣ እንግዲህ፣ ከማን በታች እንደሆኑ አስቀድመው ስለወሰኑ ነው።

በክርስትና ሃይማኖት መንፈሳዊ ሥልጣን የሚባለው ነገር ከዚህ የተለየ ምንጭ ያለው አይመስለኝም። በቅፍርናሆም የነበረው ሮማዊ መቶ አለቃ ስለ ታመመው ብላቴናው ክርስቶስን ሲለምን፣ ቤቱ ድረስ መምጣት እንደማያስፈልገው፣ ቃል ብቻ እንደሚበቃ የገለጠበት ምክንያት የሚያስደንቅ ነው። ወታደሮች እንዳሉትና ሂድ ሲለው የሚሄድ፣ ና ሲለው የሚመጣ ሰው በእጁ እንዳለ ከመናገሩ በፊት፣ እርሱ ራሱ ከሥልጣን በታች ያለ ሰው መሆኑን አስቀደመ። የቄሣር ኃይል በዚያ የጦር መኰንን ቃል ውስጥ የሚያልፈው መኰንኑ ለቄሣር እስከታዘዘ ድረስ ብቻ ነው፤ ከከዳ በማግሥቱ ቃሉ የአንድ ሽፍታ ቃል ነው። መቶ አለቃው ይህን ሥርዓት ከወታደር ቤት ተምሮ በክርስቶስ ላይ አየው፤ ወንጌላዊውም ጌታ በእምነቱ እንደ ተደነቀ ጻፈ። ቅዱስ ጳውሎስም ለፊልጵስዩስ ሰዎች ሲጽፍ፣ ክርስቶስ ከስም ሁሉ በላይ የሆነ ስም የተሰጠው እስከ መስቀል ሞት ድረስ በመታዘዙ እንደሆነ በማያሻማ መንገድ ያያይዘዋል።

የገዳማት አባቶች ይህን በሥርዓት መልክ አስቀምጠውታል። ወደ ገዳም የገባ ወጣት ወዲያው ቆብ አይጭንም፤ ረድእ ሆኖ ለአረጋውያኑ ውኃ እየቀዳ፣ እንጨት እየለቀመ፣ እህል እየፈጨ ዓመታት ካገለገለ በኋላ፣ በሚመነኩስበት ቀን በምድር ላይ ተጋድሞ የሙታን ጸሎት የሆነው ፍትሐት በቁሙ ይደገምለታል። ከዚያ በኋላ የሚሰደብም የሚወደስም ሰው የለም፤ ሞቷልና። በጥቅምት 20 ቀን የሚታሰበው ዮሐንስ ሐፂር ደግሞ፣ ስንክሳሩ እንደሚተርከው፣ መምህሩ የደረቀ እንጨት ተክሎ ውኃ አጠጣ ባለው ጊዜ ውኃው ከሩቅ የሚቀዳ ሆኖ ሳለ ሦስት ዓመት ያህል አጠጣው፤ እንጨቱም ለምልሞ አፈራ። የዘመናችን አንባቢ ይህን ሲያነብ መምህሩን እንደ ጨካኝ፣ ደቀ መዝሙሩን እንደ ሞኝ ሊቆጥር ይችላል፤ እኔም ማንኛውም መምህር ማንኛውንም ተማሪ እንዲህ ያድርግ ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን መምህሩ ራሱ ከሌላ አረጋዊ ሥር እንዲህ የሆነ ሰው እንደ ነበር መርሳት የለብንም፤ ገዳማዊው ተአዝዞ ከላይ እስከ ታች አንድ ሰንሰለት ሲሆን፣ የላይኛው ቀለበት ከተቆረጠ ከበታች ያለው ሁሉ ግዞት ይሆናል።

ከሐዋሳ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በወላይታ ሶዶ ብዙ ዘመን የኖሩት አባ መላኩ ወልደ ሚካኤል ለዚህ ነገር ከማንም ይልቅ የሚጠቀሱ ናቸው። በትውልድ ከበጌምድር ሲሆኑ፣ በምንኵስና ወደ ወላይታ ወርደው በባዶ እግራቸው እየዞሩ ሲያስተምሩ፣ ሲያጠምቁ፣ አብያተ ክርስቲያናትን ሲተክሉ፣ ሕፃናትንም ፊደል ሲያስቆጥሩ ቆይተዋል። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ሁለተኛውን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ ካሰረ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ክረምት እኒህ ጳጳስ ሆነው የማያውቁ ባሕታዊ ተመርጠው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሦስተኛው ፓትርያርክ ሆኑ። የመንግሥቱ ሰዎች የገጠር መነኩሴ፣ የዘመን ትምህርት ያልቀመሱ፣ ፖለቲካ የማያውቁ ናቸው፤ ስለዚህ በቀላሉ ይታዘዙናል ብለው አስበው እንደነበር ብዙ ተጽፏል። ታዛዥ ሰው ፈልገው ነበር፤ ታዛዥም አገኙ፤ ታዛዥነታቸው ግን ለእነርሱ አልነበረም።

አዲሱ ፓትርያርክ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ የወላይታውን ኑሮ ይዘው መጡ። በባዶ እግር መሄዳቸውን አልተዉም፤ ጾማቸውንም አላቀለሉም፤ ይልቁንም ከመንግሥቱ ጋር የነበራቸው መራራቅ እያደገ በሄደ መጠን ጾሙ እየጠነከረ፣ ሰውነታቸውም እየመነመነ ሄዶ፣ በ1980 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ከአጥንትና ከቆዳ በቀር የቀረ ነገር አልነበረም ለማለት ይቻላል። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ቀዳሚው ፓትርያርክ በሕይወት ሳሉ ሌላ መሾሙን ከቀኖና ውጭ ነው ብላ ሹመታቸውን አልተቀበለችም ነበር፤ ይህም ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ እኔም ላቃልለው አልፈልግም። ነገሩን እጅግ አስተማሪ የሚያደርገው ግን ይህ ነው፤ በአንብሮተ እድ የሚገኘው ሥልጣን አከራካሪ በሆነበት በዚያ ዘመን እንኳ፣ ሃይማኖትን የሚያንቋሽሽ መንግሥት በላያቸው ተቀምጦ ሳለ፣ ሕዝቡ እኒህን ሰው አባት ብሎ ሰማቸው፤ የሰማቸውም ቤተ መንግሥት ስለ ሾማቸው አይደለም። ወላይታ ላይ ሲኖሩ ምንም ሳይሾሙ ይሰሙ ነበርና።

ለእግዚአብሔር መገዛት ማለት ለሁሉ አንገት መድፋት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ይህን አሳብ ሁለት ተከታታይ የሐምሌ ቀኖች ይቃወሙታል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጣልያን ጥይት ተገደሉ፤ አርበኞችን ሽፍቶች ናቸው ብለው እንዲያወግዙ፣ ለወራሪውም መንግሥት ሕዝቡን እንዲያሳድሩ ተጠይቀው እንቢ ስላሉ ነው፤ ሕዝቡም ለጣልያን እንዳይገዛ ገዝተው እንደሞቱ ይተረካል። ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ደግሞ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በአዲስ አበባ ከዑራኤል ማኅበረ ምእመናን አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ከዚያ በፊት ታስረው በተፈቱ ጊዜ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር እንዲወጡ መንገድ አሰናድተውላቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን መንጋቸውን ጥለው እንደማይሄዱ ተናግረው ቀሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ያህል በእስር ተሠቃዩ። አቡነ ቴዎፍሎስም የተገደሉት በዚያው በ1971 ዓ.ም. ሲሆን፣ የእርሳቸውና የቄስ ጉዲና አጽም ከተጣለበት የወጣው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። አንዱ ኦርቶዶክሳዊ፣ ሌላው ሉተራዊ፤ በሥርዓትና በትምህርት የሚለያዩ፣ በሕይወት ቢገናኙም ብዙ የሚከራከሩ ነበሩ፤ የገዳያቸው ትእዛዝ ግን ከአንድ ቤት ወጣ።

የወላይታ ወንጌላውያን ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የውጭ ሚሲዮናውያን ወደዚያ አገር ገብተው ሲያስተምሩ ቆይተው፣ ጣልያን በ1929 ዓ.ም. ባስወጣቸው ጊዜ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን ቁጥር አምሳ አይሞላም ነበር። ሲመለሱ ወደ አሥር ሺሕ ደርሶ አገኙት። በመካከሉ መሪ የነበሩት እንደ ዋንዳሮ ያሉ የታሰሩና የተገረፉ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ ደመወዝም፣ ማዕረግም፣ ከኋላቸው የቆመ ድርጅትም አልነበራቸውም። ዛሬ በሐዋሳ ሰንበት ጧት ከየአቅጣጫው ዝማሬ የሚሰማባቸው የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ሥራቸውን ቢቆፍሩ እንዲህ ካሉ ሰዎች ላይ ይደርሳሉ።

ሐዋሳ ሐይቅ ብቻ ሳይሆን ታቦር የሚባል ተራራም አላት። ማታ ማታ ወጣቶች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ ሆነው ሐይቁን፣ የአሞራ ገደልን ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባ፣ በዳርቻው የሚጎማለሉትን አባ ኮዳዎች ቁልቁል ያያሉ። ስሙ ቤተ ክርስቲያን ነሐሴ 13 ቀን የምታከብረውን ደብረ ታቦርን ያስታውሳል። ሰባኪው ሁሉ በዚያ በዓል ስለ ብርሃኑ ይናገራል፤ እኔ ግን በተራራው ሥር ስለ ቀሩት ዘጠኙ ሐዋርያት ነው የማስበው። አጋንንትን የማውጣት ሥልጣን ቀድሞ ተሰጥቷቸው ሳለ፣ አንድ አባት የታመመ ልጁን ይዞላቸው ሲመጣ ሊፈውሱት አልቻሉም። ለምን ብለው ሲጠይቁም መልሱ ስለ እምነታቸው ማነስ፣ ስለ ጾምና ስለ ጸሎት ሆነ። የተቀበሉት ሥልጣን በኪስ ተይዞ የሚዞር የይለፍ ወረቀት አልነበረም ማለት ነው፤ በየቀኑ ከሰጪው ጋር ካልተያያዘ ይነጥፋል።

ይህን የምለው በከተማችን ግድግዳና ስልክ እንጨት ላይ ነቢይና ሐዋርያ የሚል ማዕረግ ከትልቅ ፎቶግራፍ ጋር የሚለጠፍበት ዘመን ላይ ስለ ደረስን ነው። በድምፅ ማጉያ ስለ ቅባቱ የሚናገረው፣ ምእመኑ እንዲገዛለት፣ ዐሥራቱን ለእርሱ እንዲያስገባ፣ ትዳሩንና ሥራውንም በእርሱ ቃል እንዲወስን የሚያዝዘው ሰው ብዙ ጊዜ ከእርሱ በላይ ማን እንዳለ አይነግረንም። ጥፋቱ በአዲሶቹ ብቻ ነው ብዬ ደግሞ የአሮጌዎቹን ነውር ልሸፍን አልችልም፤ የንስሐ ልጁን እንደ ጭሰኛ የሚያዝ ካህንም፣ የሽማግሌዎችን ጉባኤ የግል ችሎት ያደረገ መጋቢም አይተናል። ይሁን እንጂ በኦርቶዶክሳዊው ሥርዓት ካህኑ ራሱ፣ ጳጳሱም ቢሆን፣ ኃጢአቱን የሚናገርለት የንስሐ አባት ሊኖረው ይገባል፤ በመካነ ኢየሱስና በቃለ ሕይወት ሥርዓትም ወንጌላዊውን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች አሉ። ስለዚህ ነቢይ ነኝ ለሚል ሰው ምእመኑ ሊያቀርብለት የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ስንት ሰው ፈወስህ የሚል ሳይሆን፣ ባጠፋህ ጊዜ ማን ይገሥጽሃል የሚል ነው። በጥያቄው የሚቆጣ ከሆነ መልሱ ተገኝቷል።

በኤፌሶን ከተማ፣ የካህናት አለቃ የነበረው የአስቄዋ ሰባት ልጆች ጳውሎስ በሚሰብከው ስም አጋንንት እናወጣለን ብለው ተነሥተው ነበር። ርኩሱ መንፈስ ኢየሱስን እንደሚያውቅ፣ ጳውሎስንም እንደሚያውቅ ነገራቸውና እናንተሳ እነማን ናችሁ ብሎ ጠየቃቸው። ሰባት ወንድማማቾች፣ የትልቅ ሰው ልጆች፣ ያን ጊዜ የሚመልሱት ጠፋቸው፤ ከዚያ ቤት የወጡትም ቆስለው፣ ልብሳቸውንም ጥለው ነው።