ደመወዝ ሲጨመር፣ ግብር ሲቀነስ የእህል ዋጋ ወዴት ይሄዳል?

7ኛው አጠቃላይ ምርጫ በሚካሄድበት በ2018 ዓ.ም. በከተማም ሆነ በገጠር ከሚነሡ ጥያቄዎች ቀዳሚው የኑሮ ውድነት ነው። ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር ሁለት ቃላት ተደጋግመው ይሰማሉ፤ ደመወዝና ግብር። አንዱ ወገን «ደመወዝ በተጨመረ ቁጥር ገበያው ቀድሞ ይጨምራል» ሲል ሌላው «ግብር ከተቀነሰ ዋጋ ይወርዳል» ይላል። ሁለቱም አባባሎች ከእውነት የራቁ አይደሉም። ይሁን እንጂ ደመወዙ የማን እንደሆነ፣ ግብሩ በየትኛው ዕቃ ላይ እንደተጣለ፣ ለጭማሪው የሚወጣው ገንዘብም ከየት እንደመጣ ሳይለይ የሚሰጥ ተስፋ ለመራጩ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው።

በቅድሚያ በእርግጥ የተደረገውን መመልከት ይገባል። መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር፣ ከፍተኛው ደግሞ ከ21,492 ብር ወደ 39,000 ብር ከፍ ብሏል። ከዚህ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የገቢ ግብር አዋጁ ተሻሽሎ ከግብር ነጻ የሆነው ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አድጓል። ስለዚህ የሠራተኛው ገቢ የጨመረው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ደመወዙ ሲያድግ የሚቆረጠውም ቀንሷል።

ስሌቱ እንዲህ ይሠራል። ከ6,940 ብር ላይ በቀድሞው ሠንጠረዥ 1,170 ብር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ በሠራተኛው እጅ የሚገባው 5,284 ብር ገደማ ነበር። ከ11,500 ብር ላይ በተሻሻለው ሠንጠረዥ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር የጡረታ መዋጮ ሲነሣ 8,595 ብር ይቀራል። ጭማሪው 3,311 ብር ገደማ ነው። ሠንጠረዡ ባይሻሻል ኖሮ ከዚህ ውስጥ 425 ብሩ ተመልሶ ለመንግሥት ይገባ ነበር። በዝቅተኛው እርከን ላይ ያለው ሠራተኛ ግን በእጁ የሚገባው ከ3,777 ብር ገደማ ወደ 4,880 ብር ነው፤ ወደ 1,100 ብር የሚሆን ጭማሪ ማለት ነው። ለዲግሪ ምሩቁ ከ60 በመቶ በላይ፣ ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኛው ደግሞ ከ30 በመቶ በታች መሆኑን ልብ ይሏል። በ2017 ዓ.ም. የተደረገው ማስተካከያ በተቃራኒው ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ1,100 ብር ወደ 4,760 ብር በማሳደግ ለታችኛው ሠራተኛ ያደላ ነበር።

ይህ ገንዘብ ወደ ገበያ ሲወጣ ምን ይፈጠራል? መልሱ ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። በፍጥነት ሊበዛ የማይችል ነገር ሁሉ የጭማሪውን ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። የቤት ኪራይ ዋነኛው ምሳሌ ነው። በአንዲት የወረዳ ከተማ ውስጥ ያሉት የሚከራዩ ክፍሎች ቁጥር በአንድ ወር አይጨምርም፤ የመምህሩና የጤና ባለሙያው ደመወዝ መጨመሩን ግን አከራዩ በዚያው ቀን ይሰማል። የመኖሪያ ቤት ኪራይን ለመቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. አዋጅ መውጣቱም ይህንኑ ጫና ለመግታት ነበር። «ገበያው ቀድሞ ይጨምራል» የሚለው አባባል መነሻው እዚህ ላይ ነው፤ ነጋዴውም አከራዩም ጭማሪው በእጅ ሳይገባ ወሬውን ሰምተው ዋጋ ያስተካክላሉና። ደመወዝ ሳይከፈል ወራት ቀድሞ በይፋ ማወጅ ራሱን የቻለ ዋጋ ያስከፍላል።

እህል ግን እንደ ኪራይ አይደለም። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ቢያድግም ቤተሰቡ የሚበላው እንጀራ በእጥፍ አያድግም። የተወሰነው ሠራተኛ ከቅይጥ ወደ ነጭ ጤፍ ይሸጋገር ይሆናል፤ ሥጋ፣ ቅቤና እንቁላል ግን ከሁሉ በላይ ፈላጊ ያገኛሉ። በመሆኑም የደመወዝ ጭማሪ ከእህል አምራቹ ይልቅ ወተትና እንቁላል ለከተማ ለሚያቀርበው፣ በግና በሬ ለሚያደልበው አርሶ አደር የበለጠ ገበያ ይከፍታል። ለጤፍና ለስንዴ ዋጋ ትልቁን ሚና የሚጫወቱት የምርት ዘመኑ ዝናብ፣ የማዳበሪያ ዋጋና የመንገድ ሁኔታ ናቸው።

እስካሁን የተነገረው ስለ ገዢው ደመወዝ ነው። ዋጋን ከሌላ በኩል የሚነካ ሁለተኛ ዓይነት ደመወዝ አለ፤ እርሱም እህሉን ለማምረትና ለማድረስ የሚከፈለው ነው። አራሚ፣ አጫጅ፣ ወቂ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የመኪና ረዳት ሁሉም ክፍያቸው በኩንታሉ ዋጋ ውስጥ ይገኛል። ኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ የወሰነችው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ይህን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። ስለሆነም የቀን ሠራተኛን ክፍያ የሚወስነው የሰው መብዛትና ማነስ ነው። የመተማን ሰሊጥ ለአብነት መውሰድ ይቻላል። በክረምት ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ከደጋው የሚወርደው ወጣት በጸጥታ ችግር ወይም በሌላ ምክንያት ከቀረ የቀን ክፍያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይሰቀላል፤ የደረሰ ሰሊጥ ራሱን ያረግፋልና ባለማሳው መጠበቅ አይችልም። ሆኖም የሰሊጥ ዋጋ የሚወሰነው በዓለም ገበያ ስለሆነ አምራቹ ያወጣውን ተጨማሪ ወጪ በገዢው ላይ ሊጭን አይችልም። ከትርፉ ይከፍላል። ስለዚህ «ደመወዝ ሲጨምር ዋጋ ይጨምራል» የሚለው ደንብ በአገር ውስጥ ለሚበላው ጤፍ በከፊል ሲሠራ፣ ወደ ውጭ ለሚላከው ሰሊጥ ጭራሽ አይሠራም።

ግብርን በሚመለከት በብዛት የሚነሣው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። መጣኔው 15 በመቶ ሲሆን በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዲስ አዋጅም አልተለወጠም። ነገር ግን ጥሬ እህል፣ እንጀራ፣ ዳቦና ወተትን የመሳሰሉ መሠረታዊ ምግቦች ከታክሱ ነጻ ናቸው። አንድ ተወዳዳሪ «በጤፍ ላይ ያለውን ታክስ እናነሣለን» ቢል የሚነሣ ታክስ አያገኝም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ጉዳይ አለ። ነጻ ተደረገ ማለት ታክስ ጨርሶ አልነካውም ማለት አይደለም። እህል ነጋዴው ሲሸጥ ታክስ አይሰበስብም፤ ነገር ግን የመኪናውን ጎማ፣ መለዋወጫውንና ጆንያውን ሲገዛ 15 በመቶውን ከፍሏል። ሽያጩ ታክስ የሚከፈልበት ፋብሪካ ቢሆን ኖሮ በግዢ የከፈለውን ታክስ በሽያጭ ከሰበሰበው ላይ ያቀናንሰው ነበር። እህል ነጋዴው ግን የሚያቀናንስበት ሽያጭ ስለሌለው ወጪውን በኩንታሉ ላይ ይደምራል። መጠኑ ከሙሉው 15 በመቶ እጅግ ያነሰ ቢሆንም ባዶ አይደለም። በዚህ ላይ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መቀነሱ፣ ቤንዚንም በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በሊትር ከ100 ብር ማለፉ አለ። በየመንገዱ ያሉ ኬላዎችና በየመናኸሪያው የሚጠየቅ የጫኝና አውራጅ ክፍያም ስማቸው ግብር አይባል እንጂ ለሸማቹ ከግብር የተለዩ አይደሉም። እንዲያውም ሕጋዊው ግብር በደረሰኝ ይታወቃል፤ እነዚህ ግን ስንት እንደሚሆኑ ነጋዴው ጉዞ ሲጀምር አያውቅም፤ ስለዚህ ለማያውቀውም ጭምር አስቀድሞ ዋጋ ይይዛል።

አርሶ አደሩ ራሱ የሚከፍለው የገጠር መሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ደግሞ በክልሎች የሚወሰን ነው። ክፍያው በያዘው መሬት ስፋት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ቢጨመርም ባይጨመርም የሚያመርተውን መጠን እምብዛም አይለውጥም፤ ዋጋውም ላይ ሊጭነው አይችልም። የዚህ ግብር ተጽዕኖ ከመጠኑ ይልቅ በጊዜው ነው። ግብሩም የማዳበሪያው ዕዳም አውድማ እንደተነሣ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ ይጠየቃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ስለሚወጣ ዋጋ ይወድቃል፤ ያው አርሶ አደር በሐምሌ ለቤቱ እህል ሲሸምት ግን በውድ ይገዛል። የመክፈያውን ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ወር መግፋት የግብሩን መጠን ከመቀነስ የበለጠ ሊጠቅመው ይችል ነበር። ይህን ሐሳብ በምርጫ መድረክ ላይ መስማት የተለመደ አይደለም።

ስለ ወቅት ከተነሣ የምርጫው ወር ራሱ ሊጤን ይገባል። ያለፉት አራት አጠቃላይ ምርጫዎች የተካሄዱት ግንቦት 7 ቀን 1997፣ ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ግንቦት 16 ቀን 2007 እና ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ሁሉም የዋሉት የአብዛኛው አርሶ አደር ጎተራ በሚራቆትበት፣ የእህል ዋጋ በየዓመቱ ሽቅብ በሚሄድበት ወቅት ነው። ስለዚህ የግንቦትን ዋጋ ከጥር ዋጋ ጋር አነጻጽሮ መንግሥትን መክሰስ ቀላል ነው፤ የጥርን ዋጋ ከነሐሴ ጋር አነጻጽሮ «ገበያውን አረጋጋን» ማለትም እንዲሁ። ሚዛናዊው ማነጻጸሪያ የዘንድሮን ግንቦት ካምናው ግንቦት ጋር ነው።

ደመወዝ፣ ዋጋና ፖለቲካ ምን ያህል ሊጠላለፉ እንደሚችሉ የ2002 ዓ.ም. ምርጫን ተከትሎ የመጣው ዓመት ያሳያል። ምርጫው በግንቦት ተካሂዶ በነሐሴ መጨረሻ ብር ከዶላር አንጻር 17 በመቶ ገደማ እንዲዳከም ተደረገ። በ2003 ዓ.ም. አጋማሽ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ተጨመረ። በዚያው ሰሞን ዘይት፣ ስኳር፣ ዳቦና ሥጋን ጨምሮ በበርካታ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ተጣለ። ጣሪያው የተፈለገውን ውጤት አላመጣም፤ ዘይትና ስኳር ከመደርደሪያ ጠፉ፣ ሰልፍም በዛ። ከጥቂት ወራት በኋላ ለአብዛኞቹ ሸቀጦች ጣሪያው ተነሣ። በዓመቱ መጨረሻ የዋጋ ንረቱ ወደ 40 በመቶ ደረሰ። ደመወዙ ብቻውን ይህን አላደረሰም፤ የብር መዳከም፣ በዓለም ገበያ የምግብና የነዳጅ መወደድ፣ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ የሚበደረው ገንዘብም ተደራርበው ነበር።

የመጨረሻው ነጥብ ዋናው ነው። የደመወዝ ጭማሪ ከተሰበሰበ ግብር ከተከፈለ ገንዘቡ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ተሻገረ እንጂ በገበያው ያለው ብር አልጨመረም። አዲስ ከታተመ ገንዘብ ከተከፈለ ግን የዕቃው መጠን ሳይጨምር ብሩ ብቻ ይበዛል፤ ይህንንም የሚከፍለው ደመወዝ ያልተጨመረለት የቀን ሠራተኛ፣ ጡረተኛና እህሉን ሸጦ ብሩን ቤቱ ያስቀመጠ አርሶ አደር ነው። አዲሱ የብሔራዊ ባንክ አዋጅ ለመንግሥት በሚሰጥ ቀጥታ ብድር ላይ ገደብ አስቀምጧል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር በገበያ ዋጋ ሆኖ ከ57 ብር ወደ 100 ብርና ከዚያ በላይ ቢወጣም፣ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ቢሻሻልም ዓመታዊው የዋጋ ንረት በ2014 ዓ.ም. እንደነበረው ከ30 በመቶ በላይ አለመውጣቱ፣ ይልቁንም በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ መውረዱ ከዚህ ጋር ይያያዛል። ንረቱ ቀነሰ ማለት ግን ዋጋ ወረደ ማለት አይደለም፤ የሚወጣበት ፍጥነት ረገበ ማለት ብቻ ነው። አምና 100 ብር የነበረው ዕቃ ዘንድሮ 114 ብር ሲሆን የቤት እመቤቷ «ረከሰ» አትልም፤ ልክም ናት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደመወዝ እንጨምራለን ወይም ግብር እንቀንሳለን ለሚል ተወዳዳሪ መራጩ ሊያቀርበው የሚገባ ጥያቄ ገንዘቡ ከየትኛው የበጀት መደብ እንደሚመጣ ነው። ጥያቄው ለወረዳ ነዋሪ ይበልጥ ይቀርባል። የመምህሩ፣ የግብርና ባለሙያውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደመወዝ የሚከፈለው ከክልልና ከወረዳ በጀት ነው፤ በአብዛኛው ወረዳ ደግሞ የበጀቱ ትልቁ ድርሻ ደመወዝ ነው። የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ በዚያው ልክ ካላደገ የሚቀነሰው ከሥራ ማስኬጃው ይሆናል፤ ለእንስሳት መድኃኒት፣ ለሞተር ብስክሌት ነዳጅ፣ ለቀበሌ መንገድ ጥገና ከሚውለው። መንገዱ ያልተጠገነበት ቀበሌ እህል ወደ ገበያ የሚያወጣው በአህያ ስለሆነ አርሶ አደሩ በርካሽ ይሸጣል፤ ከተማው በውድ ይገዛል። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው፤ የወረዳው ምክር ቤት ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ ምን ያህል እንደመደበ የሚታወቀውም በጀቱ ሲጸድቅ ነው።