የአንጓ ብግነት ሕመምተኛና የጤና ጉድለት ጡረታ፦ የሕክምና ማስረጃው ምን ሊይዝ ይገባል?

መግቢያ

ከጎተራ በአደይ አበባ በኩል አልፎ ወደ ቃሊቲ በሚዘልቀው መንገድ ላይ የሚገኘው ሳሪስ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የጋራዥ ሠፈር ነው። በዚህ አካባቢ የሚያገለግል የጤና ባለሙያ ከሚያያቸው ሕመምተኞች መካከል ልብስ ሰፊዎች፣ ዕቃ አሻጊዎች፣ ቡና ለቃሚዎችና መካኒኮች ይገኙበታል። የእነዚህ ሰዎች እንጀራ የተመሠረተው በጣቶቻቸው ላይ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ በመባል የሚታወቀው የአንጓ ብግነት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠቃው የእጅና የእግር ትንንሽ አንጓዎችን ነው።

ሕመምተኛው ችግሩን ሲገልጽ «ቁርጥማት ነው»፣ «ሪህ ነው»፣ ወይም «ብርድ መታኝ» ይላል። ወደ ጤና ተቋም የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ጠበልና ፍልውኃ ሞክሮ፣ የሕመም ማስታገሻም ከመድኃኒት ቤት እየገዛ ሲወስድ ከቆየ በኋላ ነው። ሥራው ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት «በቦርድ መውጣት እችላለሁ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው በቅድሚያ የሚያክመውን ባለሙያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጤና ባለሙያው ይህ ጥያቄ ሲቀርብለት ሊያውቃቸው የሚገቡትን የሕግና የአሠራር ነጥቦች ማስረዳት፣ በተለይም የሚጽፈው ማስረጃ በሕመምተኛው የወደፊት ኑሮ ላይ ያለውን ክብደት ማሳየት ነው።

ሕመሙ በሥራ ችሎታ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ

ሩማቶይድ አርትራይተስ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ የሚሆነውን የኅብረተሰብ ክፍል የሚያጠቃ ሲሆን፣ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይልቅ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይበዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሰው በሥራ ዕድሜው ላይ ሳለ ነው። በሁለቱም እጆች ላይ የሚታይ እብጠት፣ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚቆይ የጠዋት ግትርነት፣ ድካምና የመጨበጥ ኃይል መቀነስ ዋና ዋና መገለጫዎቹ ናቸው።

ለሥራ ችሎታ ምዘና ሁለት ባሕርያቱ ልዩ ትኩረት ይሻሉ። አንደኛው መለዋወጡ ነው። ሕመሙ ይነሣል፣ ይበርዳል፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ፈረቃ ለመግባት ቁልፏን መቆለፍ ያቃታት ሠራተኛ ከቀትር በኋላ እጇ ተፍታትቶ ልትታይ ትችላለች። ፕሬድኒሶሎን በወሰደች ሰሞን የተመረመረች ሕመምተኛም ከእውነተኛው ሁኔታዋ የተሻለች ትመስላለች። ሁለተኛው ባሕርይ በጊዜ ከተያዘ በሕክምና የሚገታ መሆኑ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰደው ሜቶትሬክሴት ከፎሊክ አሲድ ጋር፣ እንደ ሁኔታውም ሃይድሮክሲክሎሮኪን ወይም ሰልፋሳላዚን፣ የአንጓውን መጥፋት ሊያዘገዩ ይችላሉ። ይሁንና ሜቶትሬክሴት ውጤቱን ለማሳየት ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። አንዴ የተበላሸ አንጓ ግን ወደ ቀድሞው አይመለስም።

ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ ሕግ ማንኛውም ሰው በበሽታው ስም ብቻ ተጠቃሚ የሚሆንበት የአካል ጉዳት አበል የለም። መብቱ የሚመነጨው ከሥራ ግንኙነትና ከጡረታ መዋጮ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ሲሆን፣ ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ተተክቷል። የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ይተዳደራሉ። በግል ድርጅት ረገድ አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል።

በሕጉ ውስጥ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትና ከሥራ ጋር ለተያያዘ በሽታ የሚከፈለው የጉዳት አበል ነው። ሁለተኛው የጤና ጉድለት ጡረታ አበል ሲሆን፣ ይህም ሠራተኛው ለሥራው የሚያስፈልገውን የጤና ሁኔታ ባለማሟላቱ ከሥራ ሲሰናበት የሚከፈል ነው። የሲሊካ ብናኝ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ መሆኑ ቢታወቅም፣ የልብስ ስፌት ወይም የማሸግ ሥራ ሕመሙን ያባብሰዋል እንጂ አስከተለው ለማለት አይቻልም። ስለዚህ አብዛኛው ሕመምተኛ የሚሄደው በሁለተኛው መንገድ ነው። ባለሙያው በርኅራኄ ተገፋፍቶ «በሥራ ምክንያት የመጣ» ብሎ ቢጽፍ ሕመምተኛውን አይጠቅመውም፤ ይልቁንም ጥያቄውን ለክርክር ይዳርግበታል።

የጤና ጉድለት ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ መሆን ያስፈልጋል። ከዚያ በታች ላገለገለ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት አለ። ከአዋጅ ቁጥር 715/2003 ጀምሮ በሚታወቀው ቀመር መሠረት፣ አበሉ ከመሰናበቱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት ከተከፈለው አማካይ የወር ደመወዝ 30 በመቶ ሆኖ፣ ከ10 ዓመት በላይ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል። ለምሳሌ አማካይ ደመወዟ 8,000 ብር የሆነና 14 ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ 35 በመቶ፣ ማለትም በወር 2,800 ብር ይታሰብላታል። ያው ሠራተኛ ዐሥረኛ ዓመቷን ለመሙላት ጥቂት ወራት ሲቀሯት ብትሰናበት ግን በየወሩ የሚከፈል አበል አታገኝም። የመሰናበቻው ቀን ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጊዜን ማወቅ

በዚህ ረገድ ሁለት ዓይነት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንዱ መቸኮል ነው። በሽታውን የሚገታ መድኃኒት በበቂ መጠንና ጊዜ ሳይሞከር «ለዘለቄታው መሥራት አይችልም» ብሎ መወሰን ሊድን የሚችልን የሥራ ሕይወት መቅጠፍ ነው። ሕክምና በተጀመረ በ3 ወር መሻሻል፣ በ6 ወር ደግሞ የታሰበው ግብ ላይ መድረስ ይጠበቃል። ይህ ካልሆነ ሕክምናውን መለወጥ ወይም ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ይገባል።

ሌላው መዘግየት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ እስከ 6 ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለው። ለመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ ደመወዝ ይከፈለዋል፤ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ክፍያ የላቸውም። ያለ በቂ ምክንያት በተደጋጋሚ ማርፈድና መቅረት ግን ከሥራ ለመሰናበት ያበቃሉ። የጠዋት ግትርነት ያለባት ሠራተኛ በየቀኑ ስታረፍድ ምክንያቷ በሕክምና ማስረጃ ካልተደገፈ፣ በሕመሟ ሳይሆን በጥፋቷ ልትሰናበት ትችላለች። ተስፋ ቆርጣ በገዛ ፈቃዷ መልቀቂያ ብታስገባም የስንብቷ ምክንያት የጤና ጉድለት መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው «ቦርዱ ሳይወስን መልቀቂያ አትጻፊ» ብሎ መምከሩ ከመድኃኒት ማዘዣው ያላነሰ ጥቅም አለው።

ከጡረታ በፊት የሥራ ለውጥ ሊታሰብ ይገባል። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲፈጥር ግዴታ ይጥልበታል። ከማለዳ ፈረቃ ወደ ቀን ፈረቃ መዛወር፣ ከማሸግ ሥራ ወደ ቁጥጥር ወይም ወደ መዝገብ ሥራ መለወጥ፣ ቆሞ ከመሥራት ይልቅ በመቀመጫ መሥራት በሐኪም ደብዳቤ ሊጠየቁ ይችላሉ።

የሕክምና ማስረጃው ይዘት

ለሐኪሞች ቦርድ የሚላክ ማስረጃ ብዙ ጊዜ «ሩማቶይድ አርትራይተስ አለባት፤ ከባድ ሥራ መሥራት አትችልም» በሚል አንድ መስመር ያበቃል። ይህ ለቦርዱ የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ጥሩ ማስረጃ የሚከተሉትን ይይዛል፦

1. የምርመራ መሠረት፦ ሕመሙ የጀመረበት ጊዜ፣ ያበጡት አንጓዎች ብዛትና ቦታ፣ የሩማቶይድ ፋክተር፣ የሚቻል ከሆነም የፀረ ሲሲፒ፣ የኢኤስአር ወይም የሲአርፒ ውጤት፣ የእጅና የእግር ራጅ።

2. የተሰጠው ሕክምና፦ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠን፣ የተወሰደበት ጊዜ፣ ውጤቱ፣ የተቋረጠም ከሆነ ምክንያቱ። መድኃኒቱ በገበያ ላይ በመጥፋቱ ወይም በዋጋው የተነሣ ከተቋረጠ ይኸው በግልጽ ይጻፍ።

3. የአሠራር ችሎታ፦ ጠዋት ግትርነቱ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ መቀስ መያዝ፣ መርፌ መሰካት፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ደረጃ መውጣት፣ ሳያርፉ መቆም መቻል አለመቻሉ።

4. የሥራው ጠባይ፦ ሠራተኛው በቀን ምን እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቆምና ምን ያህል ክብደት እንደሚያነሣ። ይህ ሕመምተኛውን ጠይቆ የሚገኝ ነው።

5. መለዋወጡ፦ ከአንድ ቀን ምርመራ ይልቅ በተለያዩ ቀናት የተመዘገበ ሁኔታ፣ ሕመሙ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚነሣና ለምን ያህል ቀናት ከሥራ እንደሚያስቀር።

6. የወደፊት ግምት፦ ጉዳቱ ዘላቂ ነው ወይስ እንደገና ሊታይ የሚገባው? ከሆነስ መቼ?

ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ላለፉት 4 ዓመታት በሕክምና ላይ ትገኛለች። ሜቶትሬክሴት ለ18 ወራት፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ተጨምሮበት ለ10 ወራት ወስዳለች። ራጁ በሁለቱም የእጅ አንጓዎች ላይ የአጥንት መሸርሸር ያሳያል። ጠዋት ለ2 ሰዓት ያህል እጇን መጨበጥ አትችልም፤ መቀስ ከ10 ደቂቃ በላይ መጠቀም አይሆንላትም። ሥራዋ በቀን 8 ሰዓት ጨርቅ መቁረጥ ነው። የአንጓዎቹ ጉዳት የማይመለስ በመሆኑ ይህን ሥራ ለዘለቄታው ማከናወን አትችልም።» ቦርዱ ሕመምተኛዋን ከቀትር በኋላ፣ እጇ ተፍታትቶ ቢያያት እንኳ ይህ ጽሑፍ የጠዋቱን ሁኔታዋን ይነግርለታል።

ይህን ለመጻፍ የሚቻለው ካርዱ አስቀድሞ በሚገባ ከተሞላ ብቻ ነው። የጠዋት ግትርነትን በየቀጠሮው በደቂቃ መመዝገብ አንድ መስመር ብቻ የሚፈጅ ሥራ ነው። ለአሠሪው በሚሰጥ ደብዳቤ ላይ ግን የበሽታው ስም የሚጻፈው ሕመምተኛው ሲፈቅድ ነው።

ከቦርዱ ውሳኔ በኋላ

ቦርዱ ሠራተኛው መሥራት እንደማይችል ከወሰነ፣ አሠሪው ምክንያቱን ጠቅሶ የስንብት ደብዳቤ ይሰጣል። የአበል ጥያቄው ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ይቀርባል። የቦርዱ ውሳኔ፣ የስንብት ደብዳቤው፣ የአገልግሎትና የደመወዝ ማስረጃ እንዲሁም የጡረታ መለያ ቁጥር አብረው ይያዛሉ። በየሰነዱ ላይ ያለው የስምና የልደት ቀን ልዩነት ጉዳዩን ስለሚያጓትት፣ በሕክምና ማስረጃው ላይ ስም ሲጻፍ ከመታወቂያ ጋር ማመሳከር ይገባል። ጥያቄው የይርጋ ገደብ ስላለው ለነገ አይባልም። በውሳኔው ያልተስማማ ባለመብት ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አቤት ማለት ይችላል።

ጡረታ የሌላቸው

በቀን ሒሳብ ቡና የምትለቅም፣ በጉሊት የምትነግድ ወይም በሰው ቤት ልብስ የምታጥብ ሴት ከዚህ ሁሉ ውጪ ናት። ለእርሷ ያለው አማራጭ በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ጽኑ ሕመምተኞች የሚሰጥ ቋሚ የቀጥታ ድጋፍ አለው። ተጠቃሚዎች የሚለዩት በወረዳና በሠፈር ደረጃ ስለሆነ፣ የመሥራት ችሎታን የሚያስረዳ ደብዳቤ ለእነርሱም ያስፈልጋቸዋል። ከዚህ ጎን ለጎን በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እንዲመዘገቡ መምከር ሕክምናው እንዳይቋረጥ ያግዛል።

ማጠቃለያ

የጤና ባለሙያው ጡረታ አይሰጥም፣ አይከለክልምም። ይሁን እንጂ ቦርዱ የሚያነበው እርሱ የጻፈውን ነው። በሽታውን በጊዜ ለይቶ ማከም፣ ሕመምተኛው ሥራውን ሳይለቅ ፈቃዱንና የሥራ ለውጥ መብቱን እንዲጠቀም መምከር፣ ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ ደግሞ እጁ ምን መሥራት እንደማይችል በቁጥርና በግልጽ ቃል መጻፍ የሕክምናው አካል ነው። አንድ መስመር የሆነው ማስረጃ አንድ ገጽ ሲሆን ለሐኪሙ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ለሕመምተኛው ግን የዕድሜ ልክ መተዳደሪያ ሊሆን ይችላል።