የሰኔ መንገደኛ ስንቁን በጥር ይቋጥራል

ሰኔ ሲገባ ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን ያነሳል፤ ከተሜው ጃንጥላውን ከቁም ሣጥን ያወጣል። ሜዲትራንያን ባሕርን በሚያዋስኑት አገሮች ግን በዚያው ሰሞን የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ሰማዩ ይጠራል፤ ቀኑ ይረዝማል፤ በጋው አሐዱ ይላል። እዚህ ዝናቡ በርትቶ ገበያው ሲቀዘቅዝና ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አቅም ያለው የአዲስ አበባ ነጋዴ ባለቤቱንና ልጁን ይዞ ሮምን ለማየት፣ በዚያውም ለሱቁ የሚሆን የጫማና የቦርሳ ናሙና ይዞ ለመመለስ ቢያስብ አይፈረድበትም።

የሚፈረድበት ይህን ያሰበው ግንቦት አጋማሽ ላይ ከሆነ ነው። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ሰኔና ሰኞ ይሆንበታል። የሰኔን ጉዞ ዋጋ የሚወስነው የአውሮፕላን ቲኬት ብቻ አይደለምና። ከገንዘቡ ሒሳብ ይልቅ መንገደኛውን የሚያስቀረው የቀኑ ሒሳብ ነው።

ወደ ኋላ የሚቆጠር ቀን

ጣሊያን የሸንገንን ስምምነት ሥራ ላይ ያዋለችው በጥቅምት ወር 1990 ዓ.ም ነው። በመሆኑም ለጉብኝት ወደ ሮም የሚሄድ ኢትዮጵያዊ የሚጠይቀው የሸንገን ቪዛ ሲሆን፣ ይህም በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ቢበዛ ለ90 ቀን ለመቆየት የሚያስችል ነው። በደንቡ መሠረት ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ሊገባ ይችላል። መደበኛው የመልስ መስጫ ጊዜ 15 ቀን ቢሆንም፣ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች ወደ 45 ቀን ከፍ አድርጎታል። በዚሁ ውሳኔ ለተደጋጋሚ ጉዞ የሚያገለግል ቪዛ መስጠት የቆመ ሲሆን፣ ከሚጠየቁት ሰነዶች አንዳንዱን በአስተያየት ማለፍም ቀርቷል።

ኅብረቱ የሰጠው ምክንያት የኢትዮጵያ መንግሥት ያለ ፈቃድ በአውሮፓ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ በመቀበል ረገድ በቂ ትብብር አላሳየም የሚል ነበር። ሸክሙ ያረፈው ግን ሄዶ ለመመለስ ባሰበው መንገደኛ ላይ ጭምር ነው።

ባልና ሚስት ከ8 ዓመት ልጃቸው ጋር ሰኔ 20 ቀን ለመነሳት አሰቡ እንበል። ከሰኔ 20 ወደ ኋላ 45 ቀን ሲቆጠር ግንቦት 5 ቀን ላይ ያርፋል። ይህ ማመልከቻው ሊገባ የሚገባው የመጨረሻው ጠርዝ እንጂ ዝግጅት የሚጀመርበት ቀን አይደለም። ከዚያ አስቀድሞ የቀጠሮ ወረፋ አለ፤ በመካከሉ የፋሲካ በዓል ይገባል፤ ፓስፖርቱ ጊዜው ያለፈ ከሆነም ሌላ ወረፋ ይጠብቃል። ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የወጣ፣ ከመመለሻው ቀን በኋላ ቢያንስ ለ3 ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን ይኖርበታል። በዚህ ላይ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የማረፊያና የደርሶ መልስ በረራ ቦታ መያዣ ይጨመራል። ይህን ሁሉ በጥርና በየካቲት ያሰባሰበ ሰው መጋቢት ላይ ቀጠሮ ሲይዝ ልቡ አይሰቀልም። ግንቦት ላይ የተነሳው ግን "አፋጥንልሃለሁ" በሚል ደላላ እጅ ይወድቃል። ደላላው የሚያዘጋጀው ሰነድ ሐሰተኛ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የሚከለከለው ደላላው ሳይሆን ባለ ፓስፖርቱ ነው።

ሳይበሉ የሚወጣ ገንዘብ

የቪዛው ክፍያ ከሰኔ 4 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ ከ80 ወደ 90 ዩሮ አድጓል። ዕድሜው ከ6 እስከ 12 ዓመት ላልሞላ ልጅ 45 ዩሮ ሲሆን፣ ከ6 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን አይከፈልም። ለምሳሌ የተነሳው ቤተሰብ በዚህ ስሌት 225 ዩሮ ይከፍላል። ማመልከቻ ተቀባዩ ድርጅት የሚያስከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ከዚህ ውጭ ነው። ቪዛው ቢከለከል ይህ ገንዘብ አይመለስም። ስለዚህም ቪዛው እጅ ሳይገባ የቲኬቱን ሙሉ ዋጋ መክፈል በአንድ ጊዜ ሁለት ኪሳራ ሊያስከትል ይችላል። ለማመልከቻው የሚበቃው የቦታ መያዣ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምንዛሪው ነገር ይመጣል። እስከ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ የሚመነዘረው ወደ 57 ብር ገደማ ነበር። የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ሮምን ጎብኝቶ የተመለሰ ወዳጅ "ይህን ያህል ብር ይበቃል" ቢል ምክሩ በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ሒሳቡ ያረጀ ነው። ከምክር ይልቅ የሚበጀው ባንክ ሄዶ የዕለቱን ተመንና ለመንገደኛ የሚፈቀደውን መጠን መጠየቅ ነው።

ሮም ሲደረስም የሆቴሉ ዋጋ ብቻውን አይመጣም። ከተማዋ ከእንግዳ የምትሰበስበው ግብር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም ላይ በተደረገው ጭማሪ በባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ለአንድ ሰው ለአንድ አዳር 6 ዩሮ፣ በባለ አራት ኮከብ 7.50 ዩሮ ሆኗል። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። ባልና ሚስቱ በባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል 9 ሌሊት ቢያድሩ 108 ዩሮ ይደርስባቸዋል። ከቪዛው ክፍያ ጋር ሲደመር 333 ዩሮ፣ ገና ቲኬት ሳይገዛ፣ ለአልጋ ሳይከፈልና እንጀራ ሳይቆረስ ማለት ነው።

የቱ የሰኔ ቀን?

ልጅ የሌለው ወይም ልጁ ለትምህርት ያልደረሰ መንገደኛ በሰኔ መጀመሪያ ቢሄድ ይጠቀማል። የጣሊያኖች የራሳቸው የዕረፍት ሰሞን ገና ስለሆነ ግፊያው ከሐምሌና ከነሐሴ ይሻላል፤ ሙቀቱም ይቻላል። ነጋዴው ግን ሌላ ስሌት አለው። በጣሊያን የበጋው የቅናሽ ሽያጭ በአብዛኛዎቹ ክልሎች የሚጀምረው በፈረንጆች ጁላይ የመጀመሪያ ቅዳሜ ገደማ ነው። በ2017 ዓ.ም ዕለቱ ሰኔ 28 ነበር። ከሰኔ 20 እስከ 29 የሚቆየው ቤተሰብ ቅናሹን ይደርስበታል፤ ሰኔ 10 ቀን ሄዶ ሰኔ 19 የሚመለሰው ያንኑ ጫማ በሙሉ ዋጋ ይገዛል። ሰኔ 22 ቀን ግን ሮም የቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስን በዓል ስለምታከብር ባንክና መሥሪያ ቤት ይዘጋሉ። የሥራ ቀጠሮ ያለው ይህን ልብ ማለት አለበት።

ገዢ ሊዘነጋው የማይገባ ሌላም ነገር አለ። በጣሊያን የጫማና የቦርሳ ዋጋ 22 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያለበት ነው። በ122 ዩሮ ከተሸጠ ጫማ ውስጥ 22ቱ ዩሮ ታክስ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር መንገደኛ ይህን ታክስ ማስመለስ የሚችለው ቀደም ሲል ከአንድ ሱቅ ወደ 155 ዩሮ የሚጠጋ ዕቃ ሲገዛ ብቻ ነበር። ከጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም ወዲህ ግን ከ70 ዩሮ በላይ መግዛት በቂ ሆኗል። ሱቁ ፓስፖርቱን አይቶ ቅጹን መሙላት፣ ዕቃውም ሻንጣው ከመረከቡ በፊት ለጉምሩክ መታየት አለበት። አስመላሹ ድርጅት የራሱን ኮሚሽን ስለሚቆርጥ 22ቱም ዩሮ ይመለሳል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ከናሙና አልፎ ለንግድ የሚሆን ብዛት ከተጫነም ቦሌ ላይ ቀረጥ እንዳለ መዘንጋት የለበትም።

ከሮም ወጣ ማለት ለሚፈልግ የፈጣን ባቡር ቲኬት አስቀድሞ ሲገዛ ይረክሳል፤ የክልል ባቡሮች ዋጋ ግን ቀድሞ ተገዛ አልተገዛ አይለወጥም። ኮሎሲየም የመግቢያ ቲኬቱን በጎብኚው ስም መስጠት ስለጀመረ ከመንገድ ላይ አትራፊ መግዛት ከበር ያስመልሳል። ቬኒስም ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በተመረጡ ቀናት አድረው ከማይሄዱ ጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ መሰብሰብ ጀምራለች። በ2017 ዓ.ም ቀደም ብሎ ለከፈለ 5፣ በመጨረሻው ሰዓት ለመጣ 10 ዩሮ ነበር።

በመጨረሻም የመመለሻው ቀን አለ። አውሮፓ ከጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም ጀምሮ የመንገደኛን መግቢያና መውጫ በማኅተም ፋንታ በኮምፒዩተር መመዝገብ በደረጃ ጀምራለች። ከተፈቀደለት ቀን ያሳለፈውን ማሽኑ ራሱ ይቆጥርበታል። በቀኑ ሄዶ በቀኑ የተመለሰ ነጋዴ ግን ለሚቀጥለው ሰኔ ሲያመለክት የሚያቀርበው ንጹሕ መዝገብ ይኖረዋል። ያንን መዝገብ ደግሞ የትኛውም ደላላ ሊሸጥለት አይችልም።